የዱር ሥጋ፦ ከ«ማን ያርዳታል?» በፊት ያለው ጥያቄ

ባቢሌ ላይ ነው። ከጅጅጋ ወደ ሐረር እየተመለስን ሚኒባሷ ለውዝ የሚገዛ እንዲገዛ ቆመች። እንደ ወትሮው ልጆች መስኮቱን ከበቡት። ከልጆቹ ኋላ አንድ ጎረምሳ ማዳበሪያ አንጠልጥሎ መጣ፣ ማዳበሪያው ይንቀሳቀሳል። አፉን ፈታ አድርጎ አሳየን። እንሹ ናት።

እንሹን ለማታውቁ፦ ከሚዳቋ ታንሳለች፣ ቁመቷ የሰው ጉልበት ቢደርስ ነው፣ ክብደቷ አምስት ኪሎ አይሞላም። ዓይኗ ለፊቷ የበዛ ነው። ከዓይኗ ሥር ጥቁር ነጥብ አለች። ግዛቷን በጠረን የምታሰምርበት ዕጢ ናት፣ ላያት ሰው ግን እንባ ትመስላለች። የዚችኛዋን የኋላ እግር ሽቦ ዙሪያውን በልቶታል፣ ጸጉሩ ተገፎ ቀዩ ይታያል። አፏን ከፍታ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች እንጂ አትጮህም።

ሾፌሩ ሊገዛት ፈለገ። እሱ ክርስቲያን ነው፣ ረዳቱ ሙስሊም። ጠዋት ከአንድ ሳህን ፉል ሲበሉ አይቻቸዋለሁ። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ማን ያርዳታል?» ተባለና መኪናው ተንጫጫ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ሐላል ናት፣ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ ሙስሊም ይሁን እንጂ» አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ሰኮናዋ ስንጥቅ ነው፣ ታመሰኳለች፣ ኦሪትም አልከለከላት፣ ግን በስመ አብ ተብሎ ካልታረደች አፌ አላስገባትም» አሉ። «አቦ ለኔ ማንም ይረዳት፣ ጥብሷን ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ?» ያለም ነበረ። ሩብ ሰዓት ተከራከርን። በዛ ሩብ ሰዓት ውስጥ እኔን ጨምሮ አንድም ሰው «መጀመሪያስ ይቺ መያዝ ነበረባት ወይ?» ብሎ አልጠየቀም።

ይሄን የምጽፈው ለዛ ነው። ድሬም ሐረርም ስለ ዱር ሥጋ ሲነሳ ወሬው «ይበላል ወይ?» ላይ ይጀምርና እዛው ያልቃል። ይበላል ማለትና ይገደል ማለት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ስንት ውስብስብ ነገር አለው፣ እኛ ደግሞ የመጀመሪያውን ስለመለስን ብቻ ሁለቱንም የመለስን ይመስለናል።

ከሃይማኖቱ ልጀምር፣ ሰው ቶሎ የሚያነሳው እሱን ስለሆነ። በኦርቶዶክስ በኩል መለኪያው ኦሪት ነው፣ ዘሌዋውያን 11 እና ዘዳግም 14። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል። ዋላ፣ ሚዳቋ፣ አጋዘን፣ እንሹ ያልፋሉ። ከርከሮ ሰኮናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳምና ይወድቃል። በእስልምናም አደን በቁርኣን የተፈቀደ ነው፣ ሱረቱል ማኢዳ ላይ አለ። አሳማ ክልክል ነው፣ በክራንቻው የሚያድን አውሬም እንደዚሁ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን።

ብዙ ሰው የማያነሳው ሁለቱም ከፈቃዱ ጋር ልጓም ማስገባታቸውን ነው። ዘሌዋውያን 17፥13 የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር ይሸፍነው ይላል። የገደልከውን ነፍስ ደም እንደ ውኃ ደፍተህ አትሄድም ማለት ነው። ዘዳግም 22፥6 ደግሞ የወፍ ጎጆ መንገድ ላይ ብታገኝ እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አትውሰድ ይላል። ዛሬ አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ይሄንኑ ሊነግረን ቢመጣ ከዚህ የተለየ ነገር የሚለን አይመስለኝም፣ ዘሩ እንዲተርፍ ወላዷን ተዋት ነው። በእስልምና ኢሕራም የገባ፣ ማለትም የሐጅ ሥርዓቱን የጀመረ ሐጃጅ የየብስ አውሬ ማደን ጭራሽ አይችልም፣ ቢያድን ካሣ አለበት። ነፍስ ያለውን ነገር የተኩስ መለማመጃ ማድረግንም ነቢዩ ከልክለዋል። አየህ፣ ፈቃዱ እንደፈለግህ ሁን የሚል አልነበረም።

የሐረርን ጅብ እዩ። ሐረር የሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ) አገር ናት፣ በሻፊዒ ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ ጅብ ክራንቻ ካላቸው አውሬዎች ክልከላ ተለይቶ መብላቱ የተፈቀደ ነው። ይሄን ስናገር የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ኪታቡ ላይ ያለ ነው። ታዲያ ጀጎል ውስጥ ጅብ ጠብሶ የሚበላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይልቅ ግንቡ ላይ ገብቶ የሚወጣበት ቀዳዳ ተትቶለታል። በዓሹራ ገንፎ ይቀርብለታል። ማታ ማታ ከሰው እጅ ይጎርሳል። የሐረር ሰው ይበላል ወይ የሚለውን ጥያቄ አልፎ ከዚህ እንስሳ ጋር እንዴት ልኑር የሚለውን ጠይቋል። እኔ ለእንሹዋም ቢሆን እንዲህ ተብሎ ቢጠየቅላት ደስ ይለኛል።

ሕጉን በአጭሩ። የዱር እንስሳ የሕዝብ ሀብት ነው። ያለ ፈቃድ ማደን፣ መያዝ፣ ሥጋውንም ሆነ ቆዳውን መሸጥ ክልክል ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 እና እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 163 የሚሉት ይሄንኑ ነው። «እኔ አልገደልኩም፣ የገዛሁት ነው» ማለት አያድንም። ከባቢሌ ከተማ ራቅ ሳይል ደግሞ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ አለ። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፣ ስፋቱ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች የሚዘልቅ። ስሙ የዝሆን ይሁን እንጂ ውስጡ ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳ አለ፣ አጋዘን አለ፣ እንሹም አለች።

እዚህ ላይ የሚነሳ ቅሬታ አለ፣ እኔም የማከብረው ቅሬታ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ደጋ የውጭ አገር አዳኝ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የደጋ አጋዘን ይገድላል፣ ቀንዱን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። እሱ ቱሪስት ይባላል። የባቢሌው ልጅ ግን ሌባ ይባላል። ይሄ እንዴት ፍትሕ ይሆናል? ልዩነቱ አለ፣ አልክድም፦ በፈቃድ የሚታደነው ቁጥሩ አስቀድሞ ይወሰናል፣ የሚመረጠውም ያረጀ ወንድ ነው፣ ክፍያውም ጥበቃውን እንዲደግፍ የታሰበ ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው። ያ ገንዘብ አጋዘኑ ማሽላውን ለሚበላበት ገበሬ ካልደረሰ ግን ገበሬው አጋዘኑን የኔ ብሎ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። ፈቃድ መኖሩ ብቻ ነገሩን ንጹሕ አያደርገውም እላለሁ፣ ፈቃድ አለመኖሩ ግን በርግጠኝነት ያበላሸዋል፣ ምክንያቱም ስንት እንደተገደለ የሚቆጥር ሰው የለም።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያስጨንቅ ልንገራችሁ። እንሹ የምትኖረው በጥንድ ነው። ወንዱና ሴቷ አንዴ ከተጣመሩ አይለያዩም፣ አንድ ቁራጭ ጥሻ ይዘው አብረው ይጠብቃሉ። ሴቷ ወደ ስድስት ወር ግድም ታረግዛለች፣ የምትወልደውም አንድ ነው። ሁሉም ነገር ቢሳካላት በዓመት ሁለት ግልገል። ከዛ ውስጥ ንስርና ቀበሮ የሚወስዱት አለ። አሁን ይቺን አንዷን ከጥሻው አውጣት። ከሷ የምታገኘው ሥጋ ሁለት ኪሎ ቢሞላ ነው፣ ለአንድ ቤተሰብ ለአንድ ምሳ። የቀረው ወንድ ብቻውን ነው። ሆዷ ውስጥ ግልገል ካለም አብሮ ሄደ። ፍየል እንኳ መንታ ትወልዳለች፣ ሰው ይመግባታል፣ ሐኪም ያያታል፣ ከጅብ ይከልላታል። እንሹዋን የሚተካልን ማንም የለም።

ደግሞ ጥሻው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የተያያዘ ነው። ሚዳቋው፣ እንሹው፣ አጋዘኑ ሲያልቅ አንበሳና ነብር ተርቦ አይቀመጥም፣ ወደ ፍየሉና ወደ ግመሉ ይመጣል። ከዛ አርብቶ አደሩ መርዝ ያስቀምጣል። መርዙ ጥንብ አንሳውን ሳይቀር ይጨርሳል። አንድ ሽቦ የጀመረው ነገር የት እንደሚደርስ እዩ።

አሟሟቱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አንድ ወዳጄ ይከራከረኛል፦ «በሬው ከሩቅ አገር በአይሱዙ ተጠቅጥቆ፣ ውኃ ሳይጠጣ፣ ቀንዱ ታስሮ ነው ቄራ የሚደርሰው። አጋዘኑ ግን ዕድሜውን ሙሉ በነጻነት ኖሮ አንድ ጥይት ነው። ለየትኛው ነው ማዘን ያለብህ?» እውነት አለው። ስለ በሬው የሚለውን ሁሉ እቀበላለሁ፣ ያም ማፈር ያለብን ነገር ነው። ጎበዝ ተኳሽ፣ በፈቃድ፣ ያረጀ ወንድ መርጦ፣ በአንድ ጥይት ልቡን ቢመታው፣ ሥጋውም ሳይጣል ቢበላ፣ ይሄ ከአይሱዙው በሬ የባሰ ጭካኔ ነው ብዬ አልከራከርም።

ግን እኛ ጋ ያለው አደን እሱ አይደለም። እኛ ጋ ያለው ሽቦ ነው። ሽቦ ያረጀ ወንድ አይመርጥም። ያረገዘችውን ይይዛል፣ ግልገሉን ይይዛል፣ ያልታሰበውን የአንበሳ ደቦል ሊይዝ ይችላል። የተያዘው እንስሳ ይታገላል፣ በታገለ ቁጥር ሽቦው ይጠብቃል። ባለቤቱ እስኪመጣ ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ። ሾፌሩ እንሹዋን ገዛት። ሐረር ሲደርሱ ረዳቱ ሊያርድ፣ እሱ ደግሞ ድርሻውን ሊሸጥ ተስማሙ። ማዳበሪያው ወንበር ሥር ገባ። ባቢሌና ሐረር ሰላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ናቸው። መጀመሪያ ላይ እግሬ አጠገብ ሲንፈራገጥ ይሰማኝ ነበር። ከዛ አልሰማሁትም። መናኸሪያ ደርሰን ሲፈቱት ሞታለች።

የዱር እንስሳ ሐኪሞች ይሄን ነገር በደንብ ያውቁታል። ለመያዝ ያልተፈጠረ እንስሳ ተይዞ ሲታገል ጡንቻው ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ይጎዳል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ከጡንቻው የሚወጣው መርዝ ወደ ደሙ ይገባል፣ ልቡ ወይም ኩላሊቱ ይቆማል። ለዚህ ነው በሙያ የሚይዙት ሰዎች እንኳ ዓይኑን ሸፍነው፣ ድምፅ ቀንሰው፣ ቶሎ የሚጨርሱት። ብትለቀውም ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል። ማዳበሪያ ውስጥ፣ ሙቀት ላይ፣ ከሞተር ጩኸት ጋር፣ ሌላ ምን ይጠበቃል።

ሳትታረድ ስለሞተች ለሾፌሩ ብክት ሆነች፣ ለረዳቱ መይታ። ያን ሁሉ የተከራከርንባት ሥጋ ማንም አልበላትም። ማታ ለጅብ ተጣለች።

የክብር ነገርም አለ፣ ስለሱ ብዙ ስለማይባል ቆም ልበልበት። በኛ ባህል አደን የጀግና ሥራ ነው። ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ ሠርግ ላይ የሚዘፈነው ሁሉ «ገዳይ» ይላል። በድሮ ጊዜ ዝሆን የገደለ ሰው ጆሮው ላይ የወርቅ ሎቲ ያደርግ ነበር። አንበሳ፣ ጎሽ፣ ዝሆን የጣለ ስሙ ይነሳል። ይሄ ሁሉ ሰው ግን ሊበላ ብሎ አልገደለም፤ አንበሳ አይበላም፣ ዝሆንም በኛ ዘንድ አይበላም። በሌላ በኩል ርቦት፣ ወይም የአባቱ ሥራ ሆኖ፣ ለሥጋ ያደነውን ሰው ምን አደረግነው? ጣና ዳር ነገደ ወይጦዎች ጉማሬ በልታችኋል ተብለው ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል። ከፋ ውስጥ ማንጆዎች እንዲሁ። እዚሁ ጎረቤታችን በሶማሌዎች ዘንድ ጋቦዬዎች ከሚናቁባቸው ነገሮች አንዱ አዳኝነታቸው ነበር፣ ጋብቻ እስከ መከልከል ድረስ። ለጌጥ የገደለውን ሾምነው፣ ለሆዱ የገደለውን ናቅነው። እኔ በበኩሌ ይሄ ነገር ተገልብጦ የቆመ ይመስለኛል። ለመግደል ምክንያት ከተፈለገ ከርሃብ የሚበልጥ ምን ምክንያት አለ?

ስለዚህ የተራበን ሰው ከዚህ ሁሉ ወቀሳ አወጣዋለሁ። በ2008 ዓ.ም. የነበረውን ድርቅ የድሬ ሰው አይረሳውም። ከድሬ ወጣ ሲባል ሲቲ ዞን ውስጥ ፍየሉና በጉ እንደ ቅጠል ረገፈ፣ ከብቱ አለቀ፣ ግመል እንኳ አልቻለውም። ልጁ የሚበላው አጥቶ እንሹ የያዘ አባት ፊት ቆሜ ስለ ጥንድ ኑሮዋ አልሰብክም። አፌም አይፈታም። የሱ ጥያቄ እርዳታው የት ቀረ የሚል ነው፣ መልሱም ያለው ከተማ ነው። ወጥመዱን በየቀኑ የሚያስጠምደው ግን የተራበ ሰው ሆድ ብቻ አይደለም፣ ከፍሎ የሚገዛው የከተማ ሰው ነው። ድሬ ከፊራ ገበያ ሄዶ የግመል ሥጋ፣ የፍየል ሥጋ፣ ዶሮ መግዛት የሚችል፣ ግን ለየት ያለ ነገር ቀምሼ ላውራ የሚል ሰው። ያ ሰው እኔንም ይጨምራል፤ ከዓመታት በፊት አንድ ዘመድ ቤት «ዛሬ ልዩ ነገር አለ» ተብዬ በልቻለሁ፣ ጣፍጦኝም ነበር።

እህሉን ለማዳን የሚገድለው ገበሬ ነገርም የተለየ ነው። ከርከሮና ጃርት ማሽላና ድንች ያወድማሉ፣ ገበሬው ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ከርከሮውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም፣ ስለዚህ ተገድሎ እዛው ይጣላል። ካሣ በሌለበት አገር ይሄንን ገበሬ መውቀስ ይከብዳል። በደንብ የታጠረ ማሳና አብሮ የሚጠብቅ ጎረቤት ካለ ግን ግድያው እንደሚቀንስ ገበሬዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ጤናውን ደግሞ አትናቁት። ቄራ የታረደ ሥጋ ላይ ማኅተም የሚመታው ለጌጥ አይደለም። የዱር ሥጋ ማንም አላየውም። በተለይ አባ ሰንጋ ያስፈራኛል። ሣር በል እንስሳ ከአፈር ያነሳዋል፣ ጀርሙ አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። በድንገት ሞቶ የተገኘ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የሚፈሰው እንስሳ ካያችሁ አትንኩት፣ አትግፈፉት። አብስዬ እበላዋለሁ ማለት አያዋጣም፣ በሽታው የሚይዘው ገና ሲገፈፍ፣ እጅ ላይ ባለች ጭረት ገብቶ ሊሆን ይችላል። እጅ ላይ መሐሉ የጠቆረ፣ የማያም ቁስል ከወጣ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ደግሞ ወጥመድ ላይ የተገኘ እንስሳ ሽቦው ይግደለው በሽታው በምን ታውቃለህ?

«ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚለኝ ሰው አለ። አትግዙ። ሌላ የረቀቀ ነገር የለኝም። እንሹ ተሸጠች ብላችሁ ልጁ ላይ አትጩሁ፣ አታስደብድቡት፣ ግን አትግዙት። «አዝኜ ልልቀቃት» ብሎ የሚገዛም አለ፣ አንጀቱ በልቶት ነው፣ ይገባኛል። ለልጁ ግን የሸጠው ሸጠ ነው፣ ነገ ሌላ ይይዛል፣ የለቀቃችኋትም ከላይ ባልኩት ምክንያት ላትተርፍ ትችላለች። መያዙን የምታውቁ ከሆነ ለመጠለያው ጠባቂዎች ወይም ለአካባቢው የዱር እንስሳት ቢሮ ንገሩ።

ከወር በኋላ በዛው መንገድ ስመለስ ልጁን ባቢሌ አገኘሁት። በዛን ቀን ለውዝ ነበር የያዘው። አንድ ከረጢት ገዛሁና አወራን። ስለ እንሹዋ መሞት ስነግረው «እኔ በሕይወት ነው የሰጠኋችሁ ጋሼ» አለኝ። ሽቦውን ከየት እንደሚያመጣ ጠየቅሁት፣ ከአሮጌ ብስክሌት ፍሬን ነው አለ፣ ምንም ገንዘብ አይፈጅም። አሥራ ሁለት ቦታ አጥምዷል። በየቀኑ ያያቸው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ለውዝ ሲኖር አልሄድም» አለ።

«ያልሄድክባቸውስ?»

ለውዙን በጋዜጣ እየጠቀለለ ትንሽ አሰበ።

«እዛው አሉ» አለኝ።